አርባ ሁለተኛው ጉድጓድ

ዘርጋው ጉድጓድ ሲለካ ማየት ነበረባችሁ። በዚያች ከተማ፣ ምናልባትም ከዚያች ከተማ እስከ ባሕር ድረስ ባለው አገር ሁሉ፣ እንደ እሱ የውኃ ጥልቀት የሚያውቅ ሰው አልተፈጠረም። የውኃ ጽሕፈት ቤቱ ከባሕር ማዶ ያስመጣው የኤሌክትሪክ መለኪያ በሦስት ወሩ ተበላሽቶ መጋዘን ሲገባ፣ ዘርጋው በሃያ ስድስት ዓመት ሥራው አንድም ቀን ከአንድ ጣት በላይ ስቶ አያውቅም ነበር። ያለው መሣሪያ ሦስት ብቻ ነው፤ ሃምሳ ሜትር የሚዘረጋ የብረት ሜትር፣ ከጫፉ የሚንጠለጠል የግንበኛ ቱምቢ፣ ከካፖርቱ ኪስ የማይጠፋ ጠመኔ። የሜትሩን የታችኛውን ጫፍ፣ ሁለት ሜትር ያህል፣ ነጭ እስኪሆን በጠመኔ ያሸዋል፤ ቀስ እያደረገ ወደ ጨለማው ይለቀዋል፤ ቱምቢው ውኃውን ሲነካ ከታች የምትመጣውን ትንሽ ድምፅ ጆሮውን አዘንብሎ ይጠብቃል፤ ጥቂት ያጠልቅና መልሶ ይስበዋል። ውኃ የነካው ጠመኔ ጠቁሮ፣ ያልነካው ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ጥቁሩና ነጩ የሚለያዩበትን አንብቦ ደብተሩ ላይ ያሰፍራል። ከዚህ የተነሣ የጣቶቹ ስንጥቅ ሁሉ ነጭ ነበር። ሚስቱ በሕይወት ሳለች፣ ሬሳህ እንኳ በጠመኔው ይታወቃል እያለች ትስቅበት ነበር።

በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ የተሰጠው ሥራ ግን መለካት ብቻ ሳይሆን መዝጋትም ነበር። ከተማው ለሠላሳ ዓመት ቆሻሻውን ሲጥልበት የኖረው ጉብታ ከተዘጋ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ቀይ አፈር አልብሰውታል፤ ሣር ዘርተውበታል፤ በሽቦ አጥረውታል፤ ውስጡ የሚብላላው ጋዝ የሚተነፍስባቸው ሰባት ረጃጅም የብረት ቧንቧዎች አናቱ ላይ ተክለውበታል። ከሩቅ ለሚያየው ከፍጥረት ጀምሮ እዚያ የነበረ ተራራ ይመስላል። ነፋስ ሲነሣ ሰባቱ ቧንቧዎች በሰባት ዓይነት ድምፅ ያፏጫሉ፤ የግርጌው ሰፈር ሰው ፉጨቱን ከመልመዱ ብዛት ሲቋረጥ እንጂ ሲነፋ አይሰማውም። እንግዲህ በምርመራ ከጉብታው ሥር የሚሰርግ ጥቁር ፈሳሽ ወደ ጉድጓዶቹ እንደሚሄድ ተደረሰበትና ትእዛዝ ወጣ። ከአጥሩ ጀምሮ በአምስት መቶ ሜትር ክልል ውስጥ የከርሰ ምድር ውኃ ለመጠጥም፣ ለልብስም፣ ለጓሮ አትክልትም መጠቀም ክልክል ነው። በምትኩ ሁለት ቦኖዎች ተተከሉ፤ እነሱም በሳምንት ሁለት ቀን አፍንጫ የሚሰነጥቅ የክሎሪን ሽታ ያለው ውኃ ያንጠባጥባሉ።

ዘርጋው እያንዳንዱን ጉድጓድ ለመጨረሻ ጊዜ ይለካል። ከዚያ ሁለት ግንበኞች አራት ሰው የማያነሣውን የሲሚንቶ ክዳን በመዘውር አውርደው ያለብሱታል፤ ዙሪያውን በሲሚንቶ ይደፍናሉ፤ እሱ በክዳኑ ቀለበት ሽቦ አሳልፎ በእርሳስ ማኅተም ያትማል። በዝርዝሩ ላይ አርባ አንድ ጉድጓዶች ነበሩ።

ዝርዝሩን ያወጣው ራሱ ዘርጋው ነው፤ የክልሉንም መስመር የለካው እሱ ነው። ከአጥሩ ማለት ከየትኛው የአጥሩ ጫፍ እንደሆነ ትእዛዙ አይናገርም። ዘርጋው ለሌላው ሰፈር ሁሉ ከቅርቡ ጥግ ጀምሮ ለካ። ወደ ራሱ ግቢ ሲመጣ ግን ከጉብታው አጥር ዋና በር ጀመረ፤ አምስት መቶኛው ሜትር የግቢውን የቆርቆሮ አጥር ሊነካ ስድስት እርምጃ ሲቀረው አለቀ። ከጥጉ ቢጀምር ኖሮ መስመሩ ቤቱን አልፎ እስከ አስፋልቱ ይሄድ ነበር። በሃያ ስድስት ዓመት የሳታት አንዲት ነገር ይህች ናት፤ እሷንም አውቆ ነው የሳታት።

ምክንያቱ ልጁ ዓይናለም ነበረች። ባሏ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ፣ ለመውለድ ወደ አባቷ ቤት መጥታለች። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ፀንሳ ሁለቱንም በአምስተኛው ወር አጥታቸዋለች። አሁን ስድስተኛውን ተሻግራለች። የቦኖው ውኃ ገና ከንፈሯን ሲነካ ያስመልሳታል፤ ሻይ ቢሆንም ሾርባ ቢሆንም ያውቀዋል ሆዷ። ከግቢያቸው ጉድጓድ የተቀዳውን ግን ጠጥታ አትጠግብም፤ ፊቷ ወዛ፣ ክንዷ ሞላ። ዘርጋው የመንግሥትን ትእዛዝና የልጁን ፊት በሁለት እጁ ያዘና ሲመዝን፣ የቱ እንደከበደው ራሱን እንኳ አልጠየቀም።

ሰፈርተኛው ግን አየው። የእትዬ ውብዓለም ጉድጓድ የተዘጋ ዕለት፣ ሴትዮዋ በሦስት መደብ ጎመንና ቆስጣቸው መሀል ቆመው፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ግንበኞቹን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ለዘርጋው ብቻ በሚሰማ ድምፅ ተናገሩ።

«አንተ ዘርጋው፣ ያንተ ጉድጓድ ከጉብታው ሸሽቶ ሄደ አሉ። የእኔው እግር የለውም መሰለኝ፣ እዚሁ ቀረ።»

ዘርጋው ክዳኑ እንዲወርድ ለግንበኞቹ በእጁ ምልክት ሰጠ። ክዳኑ ሲወርድ ከሥሩ ረጅም ትንፋሽ ወጣ፤ የታመቀ አየር ነው፣ ሁልጊዜም ይወጣል። ሽታው ግን የቆሻሻ አልነበረም። ከረጅም በጋ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ የነካው አፈር የሚሸተውን ይሸታል፤ ጣፋጭ ነው፤ ምራቅ ያመጣል።

የመጀመሪያውን ነገር ያየው ዘጠነኛው ጉድጓድ ላይ ነው። ሜትሩን ሲስበው ውኃ የነካው ጫፍ እንደወትሮው ጠቁሮ ወጣ። ከውኃው መስመር በላይ፣ ደረቅና ነጭ መሆን በሚገባው ቦታ ላይ ግን፣ አንድ ስንዝር ያህል ጠመኔ የለም። ታጥቦ እንዳይባል አልረጠበም፤ ግድግዳ ፍቆት እንዳይባል አልተጫረም። ጎን ለጎን የሆኑ ሁለት ንጹሕ መስመሮች ናቸው፤ በመካከላቸው እንደ ክር የቀጠነች የጠመኔ መስመር ሳትነካ ቀርታለች። ዘርጋው ለረጅም ጊዜ አየውና በካፖርቱ እጅጌ ጠርጎ፣ ደብተሩ ላይ ቁጥሩን ብቻ ጻፈ። በዐሥረኛው ጉድጓድ መስመሮቹ ሁለት ስንዝር ሆኑ። በዐሥራ ሰባተኛው ላይ ደግሞ ውኃ እስኪነካው ድረስ የነበረው ነጭ ሁሉ ተጠርጎ ወጣ፤ ያችው ክር ብቻ ቀርታ፣ ቀጥ ብላ፣ በማስመሪያ የተሰመረች ይመስል። ግንበኞቹ ጉብታው ሥር ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥማሉ። ለማን ይነገራል? የጉድጓድ ጠመኔ የሚልስ ነገር አለ ብሎ ለወይዘሮ ሐረገወይን፣ ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣ ሪፖርት ይጻፍ?

ቤቱ ሲመለስ የራሱንም ጉድጓድ መለካት ጀመረ። በኅዳር መግቢያ ላይ ዐሥራ አራት ሜትር ከሃያ ነበር። ዝናብ ካቆመ ወራት አልፈዋልና እንደ ደንቡ በየሳምንቱ ሊወርድ ይገባዋል፤ እሱ ግን ይወጣል። ዐሥር ጉድጓዶች በተዘጉ ጊዜ ዐሥራ ሁለት ሜትር፣ ሃያ አምስት በተዘጉ ጊዜ ስምንት። ደብተሩን ገልብጦ ቀኖቹን ሲያስተያይ ዓርብ ሁለት ጉድጓድ ከዘጋ ቅዳሜ ጠዋት የሱ ውኃ ከፍ ብሏል፤ ሥራ በሌለበት እሑድ ባለበት ቆሟል። ዘርጋው ለራሱ ማብራሪያ አላጣም። ሰው መቅዳት ሲያቆም ውኃ ይጠራቀማል፤ የተጠራቀመ ውኃ መንገድ ይፈልጋል፤ ይኸው ነው። ለሦስት ቀን ያህል በዚህ ተጽናና።

ዓይናለም ደግሞ ጥማቱ እየባሰባት ሄደ፤ ቢያከሳት እኮ ባሳሰበው ነበር፤ እሷ ግን አማረባት። በጠዋት ሙሉ ጆግ፣ ለቁርስ ሌላ ጆግ፤ ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ቆዳዋ ያበራል። ያማራትም ነገር ነበር። ነፍሰ ጡር አፈር ቢያምራት፣ የግድግዳ ጭቃ ቆርሳ ብትልስ ማንም አይገረምም፤ እናቷም እሷን ስትፀንስ የምድጃውን ጥግ ልሳ ጨርሳዋለች። ስለዚህ ዘርጋው አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ልጁ የካፖርቱን ኪስ ፈትሻ ጠመኔውን እንደ ሸንኮራ ስትቆረጥም ሲያገኛት፣ ለመሳቅ ሞከረ። እሷ ግን ከልቧ ሳቀች፤ ጥርሷ ሁሉ ነጭ ነበር።

«አባዬ፣ ልጁ ጉድጓዱን ይወደዋል» አለችው። «ባልዲው ሲወርድ ይገላበጣል። ሲወጣ ዝም ይላል።»

አርባኛው ጉድጓድ የተዘጋው ጥር ላይ፣ ጉም እስከ ረፋድ ሳይገለጥ በቆየበት ቀን ነው። ግንበኞቹ የመጨረሻውን ሲሚንቶ ሲለጥፉ ዘርጋው አንገቱን ቀና አደረገና አንድ ነገር ጎደለበት። ነፋስ አለ፤ የባሕር ዛፎቹ ጫፍ ይወዛወዛል፤ እትዬ ውብዓለም ያሰጡት ነጠላ ከሽቦው ሊገነጠል ይታገላል። ከጉብታው አናት ግን ምንም ድምፅ አይመጣም። ሰባቱም ቧንቧዎች በጉሙ ውስጥ ጥቁር ጣት መስለው ቆመዋል፤ አንዳቸውም አያፏጩም። የተዘጋ አፍንጫ ያለው ግዙፍ ነገር ትንፋሹን ይዞ የሚያዳምጥ ይመስል፣ ዝምታው ከመሬት በኩል ይመጣ ነበር።

የዚያኑ ቀን የተዘጋው አርባ አንደኛው የጋሽ ይርዳው ነው። ጋሽ ይርዳው የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ናቸው፤ ከአባታቸው ጋር ሆነው ከአርባ አንዱ ሠላሳውን በዶማ የቆፈሩ፣ በጉልምስናቸው ጠዋት ገብተው ማታ በሌላ ሰፈር ይወጣሉ ይባልላቸው የነበሩ ቆፋሪ። ዓይናቸው ፈዝዟል። ክዳኑ ሲወርድ በበርጩማ ላይ ተቀምጠው በምርኩዛቸው መሬቱን መታ መታ ያደርጉ ነበር፤ ትንፋሹ ከሥሩ ሲወጣ ምርኩዙ ቆመ። ሸምበቆ አድርጋችኋል ወይ ብለው ጠየቁ። ዘርጋው ምን ዓይነት ሸምበቆ እንደሆነ አልገባውም።

«እኛ ጉድጓድ ስንደፍን መሀሉ ላይ ሸምበቆ እናቆም ነበር፤ ከታች እስከ ላይ። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ፣ እኔም አባቴን አልጠየቅሁም።»

ዘርጋው በትሕትና ሳቅ ብሎ፣ ጋሽ ይርዳው አሁን ሥራው በሲሚንቶ ነው፣ አየር አያሳልፍም፣ ዋናው ነገርም እሱው ነው አላቸው። ሽማግሌው የፈዘዘ ዓይናቸውን ወደ ድምፁ መለሱ።

«አርባ አንድ አፍ ዘጋህ። አንዱን የት ተውከው?»

ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር እሳቸው ብቻ ያልሰሙ መስሎት ነበር ዘርጋው። ቱምቢውን መጠቅለል ጀመረ። ጋሽ ይርዳው ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ልጅህ ደኅና ናት ወይ አሉት፤ ደኅና ናት አለ፤ ስንት ወሯ ነው አሉ፤ ገብቷል ዘጠኝ አለ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ሰው ለቅሶ ቤት ውስጥ የሚያዞረውን አዟዟር።

ወደ ቤቱ የሄደው እየሮጠ ነው፤ በሃምሳ አራት ዓመት ዕድሜው እንደዚያ ሮጦ አያውቅም። ከቀትር በኋላ ነበር፤ ደመናው ዝቅ ብሎ ቀኑን አጨልሞታል። የጉድጓዱን ቆርቆሮ ክዳን ሲያነሣ ያ የጣፈጠ የአፈር ሽታ ፊቱን ሞላው። ሜትሩን ጠመኔ ቀባው፤ የታችኛውን ጫፍ ብቻ ሳይሆን እጁ እስከሚይዘው ድረስ ቀባው። ብዙም አልወረደም። በሁለተኛው ሜትር ላይ ቱምቢው ድምፅ ሳያሰማ ቆመ፤ ውኃው እዚያው ነበር፣ እንደ ዘይት ጥቁር፣ እንደ መስተዋት የረጋ፣ የሰማዩን ደመና እንኳ የማያሳይ። ውኃው ሳይነቃነቅ ሜትሩ ይንቀሳቀስ ጀመር። በኃይል አይደለም። ጥጃ የእናቱን ጡት ሲስብ እንዳለው፣ ለስላሳ፣ ምት ያለው መሳብ ነው፤ ሳብ፣ ለቀቅ፣ ሳብ። ዘርጋው ዓይኑ እያየ ከውኃው በላይ ያለው ነጭ ከታች ወደ ላይ፣ በሁለት መስመር፣ ወደ እጁ እየመጣ ጠፋ። ሜትሩን የለቀቀው ንጹሑ መስመር ከአውራ ጣቱ አንድ ስንዝር ሲቀረው ነው፤ መጠቅለያው ብቻ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተይዞ ቀረ።

ዓይናለም በረንዳው ላይ ቆማ ሁለት እጆቿን ሆዷ ላይ አድርጋ ነበር። ሆዷ ከቀሚሱ ሥር በዚያው ምት ከፍ ዝቅ ይላል።

ጉድጓዱ ሊዘጋ ነው አላት፤ ነገ ጠዋት፣ ግንበኞቹ እንደገቡ። ልትለምነው ጀመረች፤ ዐሥር ቀን ነው የቀረኝ፣ የቦኖው ውኃ እንደሚገለኝ ታውቃለህ፣ ሁለቱ ሲሞቱብኝ አንተ ነህ አቅፈህ ያለቀስከው አለች። ዘርጋው ያለቀሰውን ሁሉ ያስታውሳል። ቢሆንም አይሆንም አላት፤ ሌላ ሰፈር ሄዶ በአህያ ጋሪ ውኃ እንደሚያመጣላት፣ ከፈለገች በጀርባው ተሸክሞ እንደሚያመጣ ማለላት። ስታለቅስ ቆየችና በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«እሺ አባዬ። አንድ ጆግ ብቻ ልቅዳ። የመጨረሻ።»

እንዴት እምቢ ይበል? ባልዲውን በገመድ ማውረድ እንኳ አላስፈለጋትም፤ ተንበርክካ ጆጉን በእጇ ብታወርድ ውኃው ከፍ ብሎ ደረሰላት። ቆማ ጠጣችው፤ ሳትተነፍስ፣ ጉሮሮዋ እየተንቀሳቀሰ፣ እስከ ጭላጩ።

ጠዋት ላይ ጉም አልነበረም። ዘርጋው ከግንበኞቹ ፊት ሜትሩን ጠመኔ ቀብቶ ለቀቀው፤ ወረደ፣ ወረደ፣ ያችን የሚያውቃትን ትንሽ ድምፅ ከሩቅ ሰማ። ሳበው። ዐሥራ አራት ሜትር ከሃያ። ከውኃው መስመር በላይ ያለው ጠመኔ ሙሉ ነበር፤ ነጭ፣ ደረቅ፣ ማንም ያልነካው። ደግሞ ለካ፤ ያው ነው። ሦስተኛ ለካ። ከዚያ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን ሳቀ፤ ግንበኞቹ ተያዩ። ክዳኑ ሲወርድ ከሥሩ ምንም ትንፋሽ አልወጣም። ባዶ ነበር፤ ሄዷል። ሽቦውን አሳልፎ አርባ ሁለተኛውን ማኅተም መታ፤ በዚያው ጉልበት ወይዘሮ ሐረገወይን ቢሮ ገብቶ መስመሩን ከበሩ ጀምሮ የለካው እሱ እንደሆነ፣ አሁን እንዳስተካከለው ነገራቸው። ሴትዮዋ ከወረቀታቸው ቀና ብለው፣ ታዲያ ከተዘጋ ምን ቀረ አሉት። ሲወጣ ከጉብታው በኩል ሰባቱ ቧንቧዎች እንደ ድሮው ያፏጩ ነበር፤ እንዲያ ያለ ደስ የሚል ድምፅ በዕድሜው ሰምቶ አያውቅም።

ዓይናለም ጥማቱ እንደለቀቃት ነገረችው። ሌሊቱን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ውኃ አላማራትም። ከቀትር በፊት ምጧ መጣ፤ ጤና ጣቢያ በደረሰች በአንድ ሰዓት ውስጥ ወለደች። ወንድ ነው፤ ሚዛኑ አምስት ኪሎ አካባቢ ደርሶ ሲቆም ነርሷ ሌላ ሚዛን አስመጣች። አላለቀሰም። እግሩን ብትመታው ዓይኑን ገልጦ ዝም ብሎ አያት፤ ትንፋሹ ደኅና ነው፣ ልቡ ደኅና ነው፣ እንዲህ ያለ ጨዋ ልጅ አዋልጄ አላውቅም ብላ ሳቀች። ዘርጋው በኮሪደሩ ወዲያ ወዲህ ሲል እንባው ጠመኔ ባለበት ጣቱ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

በማግስቱ እቤት ሲገቡ እትዬ ውብዓለም በቅጠል የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ ይዘው በር ላይ ጠበቁት። ጎመናቸው ደርቋል፤ ቂማቸውም ከጎመናቸው ጋር ደርቋል፤ ያንተም ከተዘጋ እኩል ነን አሉት። ሕፃኑ ቅቤ መቅመስ አለበት፤ ነርሶቹ ይከለክላሉ፣ ነርሶቹም ራሳቸው ቅቤ ቀምሰው ነው ያደጉት። የማቅመሱ ክብር ለአያቱ ነው አሉ። ዘርጋው እጁን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠበ፤ ሌባ ጣቱን ከቅቤው አጥልቆ፣ እስከ መገጣጠሚያው ድረስ በወፍራሙ ቀብቶ፣ በዓይናለም ክንድ ላይ ወደተኛው ሕፃን አጎነበሰ። የልጁ አፍ ገና ጣቱ ሳይደርስ ተከፈተ።

ሳበው። ለስላሳ ነበር፣ ምት ያለው፤ ሳብ፣ ለቀቅ፣ ሳብ። እትዬ ውብዓለም፣ እንዴት ነው የሚበላው፣ የተራበ ነው ብለው ሳቁ፤ ዓይናለም ወደ አባቷ ቀና ብላ ፈገግ አለች፤ ከልጁ አንገት ያ የመጀመሪያ ዝናብ የነካው አፈር ሽታ ይመጣል። ዘርጋው ጣቱን ቀስ ብሎ ከትንሿ አፍ አወጣና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው፤ በቅቤው ላይ ሁለት ንጹሕ መስመሮች ጎን ለጎን ተጠርገዋል፣ በመካከላቸውም እንደ ክር የቀጠነች የቅቤ መስመር ሳትነካ ቀርታለች።